«አንድ ፊልም ምረጪልኝ» አለኝ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። ጽሑፍዎን ብዙ ጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ29 ዓመት ሴት ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። አባታችን ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሊጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል። እኔ ነኝ ያሳደግሁት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልጆች ሳለን አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ይዞን ይሄድ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ልማዱ ቤት ገባ። እማዬ ከተኛች በኋላ በእኔ ላፕቶፕ ሁለታችን ፊልም እናያለን። ቅዳሜ ማለት ለእኛ እሱ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ፊልሙ አልቆ ስም ዝርዝሩ እያለፈ ነበር። ወንድሜ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «እኔ ሴት አልወድም። ወንድ ነው የምወደው። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው» አለኝ። ምን እንዳልኩት በደንብ አላስታውስም። «እሺ፣ ተኛ፣ መሽቷል» ያልኩት ይመስለኛል። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄም አለቀስኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ላፕቶፑን አልከፈትኩም። አሞኛል አልኩት። በቀደም ደግሞ እሱ ራሱ መጣና «አንድ ፊልም ምረጪልኝ። እንደ እኔ ያለ ሰው ያለበት። እኔ አይደለሁም የምመርጠው፣ አንቺ ምረጪ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ፈልጌ አንዱን አወረድኩ። አሥር ደቂቃ እንኳ አላየሁትም። መኝታ ቤት፣ መኝታ ቤት ብቻ። ደንግጬ አጠፋሁት። ሌላ አላውቅም። ማንን ልጠይቅ? የሥራ ባልደረባዬን ብጠይቅ ሳይመሽ ቢሮው ሁሉ ይሰማዋል።

እኔ ሃይማኖቴን የምወድ ሰው ነኝ። አብሬው ካየሁ «አበጀህ» ያልኩት አይሆንም? ይብሱን አይገፋፋውም? ካላየሁ ደግሞ ልጁ ከእጄ የሚሄድ ይመስለኛል። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው አስቤ ምላሴ ተያዘ። አንዳንዴ ደግሞ ጥሩ ፊልም ባገኝ ለእማዬም አሳይቻት ቀስ በቀስ ብታውቅ እላለሁ። ምን ዓይነት ፊልም ልምረጥ? ልምረጥስ ወይ?

እህቱ ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ቀን ሆነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ሁሌ የሚይዘኝ አንድ ቦታ ነው፤ «አንቺ ምረጪ» ያለሽ ጋ።

ወንድምሽ ፊልም አጥቶ አይመስለኝም። የ22 ዓመት ልጅ ነው፤ ስልክ በእጁ አለ። እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ካንቺ በፊት ፈልጎ ሳያይ አይቀርም። ብቻውን፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጦ ወንድ ሴት ሲያፈቅር አይቷል። አብሮሽ ስቋል፣ አብሮሽ አልቅሷል። አሁን ለአንድ ቅዳሜ አንቺም በእሱ ታሪክ አጠገቡ እንድትቀመጪ ነው የለመነሽ። ልምረጥ ወይ ብለሽኛል። ምረጪ።

ከፊልሙ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «እሺ፣ ተኛ፣ መሽቷል» ካልሽው በኋላ ስለዚያ ምሽት አንድም ቃል ተነጋግራችኋል? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ አልተነጋገራችሁም። ያልሽው ነገር ክፉ አይደለም። አልሰደብሽውም፣ አላባረርሽውም። የደነገጠ ሰው እንዲህ ነው የሚለው። ግን በሳምንቱ «አሞኛል» ብለሽ ላፕቶፑን አልከፈትሽም። እሱ ያን ቅዳሜ እንዴት እንዳሳለፈው እስቲ አስቢው። ስለዚህ ፊልሙን ከመክፈትሽ በፊት አጭር ነገር በዪው። «ያን ቀን ደንግጬ ነው። አሁንም ያልገባኝ ብዙ ነገር አለ። ግን የትም አልሄድም።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ያልገባሽን ገባኝ አትበዪው፤ ልጁ ያውቅሻል።

አሁን ወደ ፊልሙ። ያወረድሽውን ዓይነት ፊልም ሞልቷል። ወንድና ሴት ላይም እንደዚያው ሞልቷል፤ እሱን አይተሽ ፍቅርን በሙሉ በእሱ አልለካሽም። እኔ የምመርጥልሽ የመጀመሪያው ፊልም «ፍሊ» ይባላል፤ ሽሽት እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የዴንማርክ ዘጋቢ ፊልም ሲሆን አዘጋጁ ዮናስ ፖኸር ራስሙሰን ነው። በአኒሜሽን፣ ማለትም በሥዕል ነው የተሠራው። ምክንያቱን ስትሰሚ ትወጂዋለሽ። ባለታሪኩ ከአፍጋኒስታን የተሰደደ እውነተኛ ሰው ነው፤ ለዳይሬክተሩም የልጅነት ጓደኛው ነው። ፊቱ እንዲታይ፣ ስሙ እንዲታወቅ አልፈለገም። ስለዚህ ፊቱን ሳሉለት፤ «አሚን» የሚል ስም ሰጡት። በዓመቱ ለኦስካር በሦስት ዘርፍ ታጨ፤ በዘጋቢ ፊልም፣ በአኒሜሽንና በዓለም አቀፍ ፊልም። ሰውየው ግን ዛሬም ድረስ ለዓለም አሚን ነው።

ለምን ከሁሉ አስቀደምኩት? ፊልሙ በአብዛኛው ስለ ቤተሰብ ነው። ስለ እናት፣ ስለ ወንድም፣ ስለ እህቶች፤ ጦርነት ስለበተነው ቤት። የኢትዮጵያ ሰው ያንን ስደት ሲያይ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። ሁላችንም ባሕር ያሻገርነው፣ ደላላ የበላው፣ ድምፁ የጠፋብን ዘመድ አለን። የአሚን ወንድ መውደድ በዚህ ሁሉ መሀል ነው የሚመጣው። ልጅ ሆኖ የፊልም ጀግና ፖስተር ላይ ዓይኑን ተክሎ ይውላል። ከፍ ሲል ለዚህ ነገር መድኃኒት ይኖረው እንደሆነ ይጠይቃል። እንዳትሳቀቂ የምልሽ የመኝታ ትዕይንት የለበትም።

አንድ ትዕይንት አለ፤ እሱን ነው እንድታዪው የምፈልገው። አሚን ስዊድን የሚኖሩት ቤተሰቦቹ ጋ ሄዷል። ገበታ ላይ ናቸው። መቼ ነው የምታገባው፣ የሴት ጓደኛ የለህም ወይ ይሉታል። የእኛን ቤት ፋሲካ አስቢው፤ እንደዚያ ነው። እሱም በመጨረሻ ይነግራቸዋል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ ታላቅ ወንድሙ ተነስቶ ና እንሂድ ብሎ መኪና ውስጥ ያስገባዋል። አሚን ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም፤ ፈርቷል። አንቺም አብረሽው ትፈሪያለሽ። መኪናው የጌዮች ክለብ በር ላይ ይቆማል። ወንድምየው ብር አውጥቶ ይሰጠዋል። ድሮም እናውቅ ነበር፣ ግባና ተደሰት ብሎት ይሄዳል። እኔ ይህን ትዕይንት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልቅሻለሁ። ወንድምሽን ክለብ አድርሺው እያልኩሽ አይደለም። ያ ወንድም እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ፊቱን እይልኝ። አንቺና ወንድምሽ ያን ደቂቃ አብራችሁ ካያችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትነጋገሩት አይጠፋችሁም።

ሌላ ጥቅምም አለው። ፊልሙ በአብዛኛው በዴንማርክኛና በአፍጋኒስታኑ የዳሪ ቋንቋ ነው፤ ከሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እያነበባችሁ ነው የምታዩት። ስለዚህ ድምፁን በጣም ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። እናትሽ ከግድግዳው ማዶ ናቸው።

ሁለተኛው «ሙንላይት» ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ በ2017 የምርጥ ፊልም ኦስካርን ወሰደ። መጀመሪያ የሌላ ፊልም ስም በስህተት ተጠርቶ፣ ሰዎቹ መድረክ ላይ ሳሉ የታረመው እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ባሪ ጄንኪንስ ነው። ማያሚ ውስጥ በድህነት ያደገ አንድ ጥቁር ልጅ በሦስት ዕድሜው ይታያል፤ ሕፃን ሆኖ፣ ጎረምሳ ሆኖ፣ ጎልማሳ ሆኖ። ሦስት ተዋናዮች ናቸው የተጫወቱት፤ በቀረጻው ጊዜ እንዳይገናኙ ተደርገው ነበር። ይህን ካልነገሩሽ አታምኚም፤ ዓይናቸው የአንድ ሰው ዓይን ነው። እናቱ የዕፅ ሱሰኛ ናት። አባት የለውም። አንድ ዕፅ ሻጭ ነው እንደ አባት የሚሆንለት፤ እጁን ከጭንቅላቱ ሥር አድርጎ ባሕር ላይ ያንሳፍፈዋል፣ ዋና ያስተምረዋል።

በዚያ ሰውዬ ቤት ጠረጴዛ ላይ ልጁ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ልጆች የሚሰድቡት ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። በእኛ ሰፈር ቢሆን «ቡሽቲ» የሚለው ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በታክሲ ሰልፍ፣ በኳስ ሜዳ፣ በቀልድ፣ በጥል ሲወረወር ውሎ ያድራል። ሰውየው አይቆጣም፣ አይስቅም። ጌይ የሆኑ ሰዎች እንዲከፋቸው የሚባል ቃል ነው ይለዋል። ልጁ እኔ ነኝ ወይ ይላል። ሰውየውም ጌይ ልትሆን ትችላለህ፣ በዚያ ቃል ግን ማንም እንዲጠራህ አትፍቀድ ይለዋል፤ አሁኑኑ ማወቅም የለብህም ይለዋል። ወንድምሽ ያን ቃል በ22 ዓመቱ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቶት ይሆን? ምናልባት ከአንቺም አፍ፣ ሳታስቢው። ከእኔም አፍ ወጥቷል። ይህ ፊልም ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ አጭር የወሲብ ትዕይንት አለው፤ በጨለማ ነው፣ ብዙ አይታይም። ድብደባም አለበት። ቀድመሽ ብቻሽን እዪው። እንዲያውም ሁሉንም ቀድመሽ ብቻሽን እዪ። ያን ጊዜ አጠገቡ ስትቀመጪ ፊልሙ አያስደነግጥሽም፤ እሱ የሚያየው ደግሞ ስክሪኑን ብቻ ሳይሆን አንቺንም ጭምር ነው።

ሦስተኛው ከጎረቤት ነው፤ ኬንያ፣ ናይሮቢ። «ራፊኪ» ይባላል፤ በስዋሂሊ ጓደኛ ማለት ነው። ዋኑሪ ካሂዩ የምትባል ሴት ናት ያዘጋጀችው። ባለታሪኮቹ ሁለት ሴት ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸው ለአንድ ወንበር የሚወዳደሩ ፖለቲከኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በካን ፊልም ፌስቲቫል የታየ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆነ፤ በአገሩ ግን ታገደ። የፊልም ቦርዱ ዳይሬክተሯን መጨረሻውን ቀይሪው፣ ተስፋ ያለው ነው ብሏት ነበር። አልቀየረችም። ፍርድ ቤት ሄዳ ለሰባት ቀን ብቻ እንዲታይ ተፈቀደላት፤ የናይሮቢ ሰው ተሰልፎ ገባ። ቀለሙ ብቻውን ደስ ይላል። ሰፈሩ የእኛን ሰፈር ይመስላል፤ ሱቁ፣ ሞተሩ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የሁሉን ጓዳ የምታወራዋ ሴትዮ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ሁለቱን ልጆች የሚደበድብበት ቦታ አለ፤ አንዷን በጸሎት ሊያላቅቋት የሚሞክሩበትም አለ። አንቺ ሃይማኖተኛ ነሽና ያ ትዕይንት ሊከብድሽ ይችላል። ቢከብድሽ ለወንድምሽ ንገሪው፤ ችለሽ አትቀመጪ።

ሳቅ ሲያምራችሁ ደግሞ «ፕራይድ» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የእንግሊዝ ፊልም። እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የማዕድን ሠራተኞች አድማ ሲመቱ የለንደን ጌዮችና ሌዝቢያኖች በባልዲ ገንዘብ እየለመኑ የዌልስ መንደር ውስጥ ያሉ ሠራተኞችን ረዱ። መጀመሪያ ገንዘባቸውን የሚቀበል ጠፋ። በኋላ ግን የመንደሩ ባልቴቶች ሻይ እየቀዱ የማይጠየቅ ጥያቄ ይጠይቋቸዋል። እናታችንን፣ አክስታችንን እዚያ ውስጥ ታያለሽ። ወንድምሽ በዚህ ፊልም ሲስቅ ማየት የሚጠቅመው አንቺን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታስቢው እንደ በሽተኛ ነው ያሰብሽው።

ዝነኞቹን ለምን እንዳዘገየሁ ልንገርሽ። ሰው ብትጠይቂ መጀመሪያ የሚጠራልሽ «ብሮክባክ ማውንቴን» ነው፤ አንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2005 ያዘጋጀው። ትልቅ ፊልም ነው። መጨረሻው ላይ በልብስ መስቀያ አንዱ ሌላው ውስጥ የገቡ ሁለት ሸሚዞች አሉ፤ እናትየው ምንም ሳትጠይቅ በወረቀት ከረጢት አድርጋ የምትሰጠው። ከአእምሮ አይወጣም። የደቡብ አፍሪካው «ኢንቼባ»ም አለ፤ ቁስል ማለት ነው፤ በኮሳ ብሔረሰብ ወንዶች የግርዛት ሥርዓት ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. የ2017 ፊልም። እሱም ጠንካራ ነው። ግን ሁለቱም በሞት ነው የሚያልቁት። እንደ ወንድምሽ ያለ ሰው በፊልም ሲታይ ብዙ ጊዜ ይገደላል፣ ይታመማል፣ ወይም ብቻውን ይቀራል። ወንድምሽ ያንን ያውቃል። አንቺ በመረጥሽለት የመጀመሪያ ፊልም ደግሞ አስከሬን እንዲያይ አልፈልግም። ስድስተኛ ቅዳሜ፣ ሰባተኛ ቅዳሜ ላይ ይደርሳል።

ይህን የምልሽ ከራሴ ነው። በ1988 ዓ.ም. አካባቢ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ፊልሞች በጠመኔ። ውስጡ አግዳሚ ወንበርና ብርድ ልብስ የተጋረደበት መስኮት። ዛሬ ቤቱም ሰፈሩም የለም። አንድ ከሰዓት ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ገባሁ። ፊልሙ «ፊላደልፊያ» ነበር፤ ኤድስ ይዞት ከሥራ የተባረረ ጠበቃ ታሪክ፤ ቶም ሃንክስ ኦስካር ያገኘበት። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ወንዶች የባሕር ኃይል ነጭ ልብስ ለብሰው ተቃቅፈው ይደንሳሉ። ቪዲዮ ቤቱ በሳቅና በፉጨት ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ዞር ስል ጓደኛዬ አይስቅም። እጁን ጉልበቱ መሀል ከቶ መሬት መሬቱን ያያል። ምን ሆንክ አላልኩትም። ከዓመታት በኋላ ከውጭ አገር ደወለልኝ። ብዙ ካወራን በኋላ «ያን ቀን ልነግርሽ ነበር እኮ» አለኝ። የትኛውን ቀን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ወዲያው ነው የገባኝ። የአንቺ ወንድም ነግሮሻል እህቴ። የኔ ጓደኛ ያልቻለውን ችሏል። እኔ ያጣሁት ዕድል እጅሽ ላይ ነው።

«ይብሱን ይገፋፋው ይሆን?» ላልሽው፦ ወንድምሽ እስከ ዛሬ ከአባትሽም ካንቺም ጋር ያየው ፊልም ሁሉ የወንድና የሴት ፍቅር ነበር። ያ ሁሉ ቅዳሜ ሴት እንዲወድ አላደረገውም። አንድ ፊልም ደግሞ በተቃራኒው አይሠራውም። በሽታ ነው ብለሽም ከፈራሽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል።

ስለ እምነትሽ ግን አልከራከርሽም። ከጸሎትሽም ከቤተ ክርስቲያንሽም አልለይሽም። እዚያ ሄደሽ ማልቀስሽ ለእኔ ደግ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ንስሐ አባትሽ ጋ የምትሄጂው የራስሽን ይዘሽ ነው። ፍርሃትሽን፣ ቁጣሽን፣ ቅዳሜ ዋሽተሽ «አሞኛል» ማለትሽን መናገር ትችያለሽ። የወንድምሽ ጉዳይ ግን የወንድምሽ ነው። ስሙን ሳታነሺ፣ እሱ ሳይፈቅድ ሳትነግሪ ምክር ማግኘት ይቻላል። አብሮ ማየት ማጽደቅ ነው ወይ ላልሽውም፣ እስቲ መለስ ብለሽ አስቢ። ከአባትሽ ጋር ሲኒማ ኢትዮጵያ ያያችኋቸው ፊልሞች ውስጥ ሽፍታ ነበር፣ ገዳይ ነበር፣ ከዳተኛ ነበር። አባትሽ ማንን አጽድቀው ወጡ? እናንተን ነበር መሀል አድርገው ያስቀመጡት፤ ሲያስፈራ ዓይናችሁን የሚሸፍን እጅ ነበራችሁ።

ለእናትሽ ማሳየቱን ግን ተዪው። በዚህ ላይ አላመነታም። ወንድምሽ የነገረው ለአንቺ ነው። እናትሽ ፊልሙን አይተው «ምን ነው ይሄ ነገር? ለምን አሳየሽኝ?» ቢሉሽ ፊትሽ ይናገራል፤ እናት ናቸው። ልጁ ትምህርቱን አልጨረሰም፤ የሚበላው፣ የሚያድረው እዚያ ቤት ነው። ነገሩ ቢበላሽ መንገድ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው። አንድ ቀን ራሱ ሊነግራቸው ቢፈልግ ያን ቀን አጠገቡ ሁኚ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አለ? ማን እንዲያውቅ፣ ማን እንዳያውቅ ትፈልጋለህ?» መልሱን እንዳለ ተቀበዪው።

ጥንቃቄውንም በግልጽ ልንገርሽ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል። ከሕጉ ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ ወሬ ነው። ስለዚህ ፊልሙን በሚያውቁሽ ፊልም ቤት ፍላሽ ላይ አታስጭኚ። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርሽ ወይም ስምሽ በሚታይበት ግሩፕ አትጠይቂ። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ተዪው፤ የራስሽ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን አይታችሁ አጥፉት። የወንድምሽ ስልክ ላይ አይቀመጥ። ኢንተርኔት ላይ «እኔም እንዳንተ ነኝ፣ እንገናኝ» የሚል የማያውቀው ሰው ከመጣ በጣም ይጠንቀቅ፤ አጥምደው ገንዘብ የሚጠይቁ፣ አጋልጥሃለሁ የሚሉ አሉ። ይህን ስትነግሪው እንደ ተቆጪ እህት አይሁን። መንገድ ስትሻገሩ እጁን እንደያዝሽው ዓይነት ይሁን።

ቅዳሜ ሲደርስ እንዲህ አድርጊ። ፊልሙን ከሐሙስ በፊት ብቻሽን እዪ። ቅዳሜ ሻይ አፍይ፤ እንደ ሁልጊዜው ተቀመጡ፣ ቦታም አትቀይሪ። ፊልሙ እየሄደ አታውሪ፣ አታስቁሚም። እንባ ቢመጣብሽ አትደብቂው። ሲያልቅ «እንዴት ነበር?» ብለሽ አትፈትኚው። ዝም ካለ ዝም በዪ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ና ትንሽ እንራመድ» በዪው። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ አሁን የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይሄድበታል። ፊት ለፊት ተያይቶ የማይወጣ ነገር ጎን ለጎን ሲራመዱ ይወጣል። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ትንሽ ይሁን። «ከማን ጋር ነው ራስህን ያየኸው?» ብትዪው ይበቃል። መልሱ አሚን ሊሆን ይችላል። ስዕል ያለበት ፖስተር የሚያይ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ወይም ምንም ላይመልስልሽ ይችላል፤ ያኔ ማኪያቶ ጋብዘሽው ወደ ቤት ተመለሱ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ አንቺ ጠይቂው፦ «አሁን ተራው ያንተ ነው። የምትወደውን ምረጥልኝ።» እሱ ብቻውን ደጋግሞ ያየው፣ አንድ ቀን ለአንድ ሰው ባሳየሁት ብሎ ያስቀመጠው ፊልም ሳይኖር አይቀርም።